የወፍ ዋሻን ጥድ አይቶ ያለቀሰው ጃፓናዊ

ባለፈው እትም ስለ አገራችን ጥድ ስጽፍ፣ ያኩሺማ የምትባል የጃፓን ደሴት በአንድ መስመር ነክቼ አልፌ ነበር። በዚያች አንድ መስመር የተነሳ ደብዳቤ ጎረፈ ብል ማጋነን ይሆናል። ሦስት መጣ። ሦስቱንም እመልሳለሁ።

ለማያውቀኝ አንባቢ፦ በሰሜን ሸዋ ሰላሳ ዓመት የደን ባለሙያ ሆኜ የሠራሁ ጡረተኛ ነኝ። ከጣርማበር እስከ መንዝ ያልረገጥኩት ገደል ጥቂት ነው። በ1999 ዓ.ም. ለስድስት ሳምንት ሥልጠና ደቡብ ጃፓን ካጎሺማ ሄጄ ነበር። ሥልጠናው ሲያልቅ ያጠራቀምኳትን የኪስ ገንዘብ ይዤ አራት ቀን ያኩሺማ ላይ አደርኩ። የምጽፈው በዓይኔ ያየሁትንና ከዚያ ወዲህ ያነበብኩትን ነው። ከራሴ ጉዞ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን አሉ? አንኮበር አስጎብኚ ነኝ። አምና አንድ ሽማግሌ ጃፓናዊ ይዤ ወፍ ዋሻ ጫካ ገብቼ ነበር። ትልቁን ጥድ ሲያይ ዝም ብሎ ቆመ፤ እንባው መጣ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ የአንድ ዛፍ ፎቶ አሳየኝና «ያኩሺማ፣ ሰባት ሺህ ዓመት» አለኝ። እውነት ያን ያህል የኖረ ዛፍ አለ? እሱስ እንዲህ ያለ ዛፍ አገሩ ላይ እያለው የኛ ምን አስለቀሰው? መንገዱ ላይ የተቆረጡ ጉቶዎች ስለነበሩ እኔ እንዲያውም አፍሬ ነበር።
(አስጎብኚው፣ ከአንኮበር)

መልስ፦ ልጄ፣ የሰውየውን እንባ ለሱው እንተውለት። ሽማግሌ በትንሽ ነገር ያለቅሳል፤ ከራሴ አውቀዋለሁ። ግን ዘመድ ያገኘ መስሎት ቢሆን አልተሳሳተም። ጃፓኖች ሱጊ የሚሉት ዛፍና የኛ ጥድ በዕፅዋት ምደባ አንድ ቤተሰብ ናቸው። ደብረ ብርሃን በየግቢው የምናየው የፈረንጅ ጥድም ከዚያው ቤተሰብ ነው። እኔ እዚያ አንድ የእንጨት ሠራተኛ ደጃፍ ላይ የተሰነጠቀ ሱጊ ሲሸተኝ፣ የልጅነቴ የአያቴ ሳጥን የተከፈተ ነው የመሰለኝ።

ፎቶው ላይ ያየኸው ጆሞን ሱጊ ይባላል። ጆሞን የጃፓን የጥንት ዘመን ስም ነው። ቁመቱ 25 ሜትር ገደማ ነው፤ ለቁመት ያህል ወፍ ዋሻም አያሳፍርህም። ጉዱ ያለው ውፍረቱ ላይ ነው። የግንዱ ዙሪያ ከ16 ሜትር ያልፋል። አሥር ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ ነው የሚያቅፈው። በሰፊው የታወቀው በ1966 ነው። ያን የሚያህል ዛፍ እስከዚያ ድረስ ጫካ ውስጥ ተደብቆ መቆየቱ ራሱ ስለ ጫካው ይነግርሃል።

ወደ ሰባት ሺሁ እንምጣ። እኔ አላምንበትም። 7,200 ዓመት የተባለው ከውፍረቱ ተነስቶ በተሠራ ግምት ነው። የግንዱ መሀል ባዶ ስለሆነ ቀለበቱን ቆጥሮ መጨረስ አይቻልም። ከውስጡ የተወሰደ እንጨት በካርቦን ሲለካ ከ2,000 ዓመት ትንሽ ነው ያለፈው። ሌላም ነገር አለ። ከ7,300 ዓመት ገደማ በፊት ከደሴቲቱ ሰሜን ምዕራብ፣ ባሕር ውስጥ ያለው ኪካይ የሚባል እሳተ ገሞራ ፈንድቶ፣ የሚያቃጥል አመዱና ጋዙ ባሕሩን ተሻግሮ ያኩሺማ ደርሶ ነበር። ከዚያ እሳት በኋላ ወዲያው በቅሎ እስካሁን ቆመ ማለት ለኔ ይከብደኛል። አንተ ለእንግዳ ስትናገር «ከሁለት ሺህ በላይ» በል። ሁለት ሺህስ ቢሆን ማን ይንቀዋል? ክርስቶስ ሲወለድ ቆሞ የነበረ ዛፍ ማለት እኮ ነው።

እዚያ ደሴት ላይ ያኩሱጊ የሚለውን ስም ለማግኘት አንድ ሱጊ ሺህ ዓመት መሙላት አለበት። ከዚያ በታች ያለው ኮሱጊ ነው፤ «ትንሹ ሱጊ» እንደማለት። ላሊበላ ሲወቀር የበቀለ ዛፍ እዚያ ገና ልጅ ነው።

ታዲያ ለምን ያን ያህል ይኖራል? አፈሩ ጥሩ ስለሆነ እንዳይመስልህ። አፈሩ መጥፎ ስለሆነ ነው! ደሴቲቱ ግራናይት ናት። ከድንጋዩ ላይ ያለው አፈር ስስ ነው፤ ምግብም የለውም። ስለዚህ ዛፉ በጣም ቀስ ብሎ ያድጋል። ቀለበቱ ተጠጋግቶ እንጨቱ ይጠነክራል፤ ሙጫውም ይበዛል። ሙጫ የበዛበት እንጨት ደግሞ ቶሎ አይበሰብስም፤ ነፍሳትም አይደፍሩትም። መንዝ ድንጋይ ላይ የበቀለ ጥድ ለምሰሶ ከረግረጉ እንደሚመረጥ አባቶቻችን ያውቁ የለ? ነገሩ ያው ነው።

አሁን ስለ ጉቶው። ይህን በደንብ አንብብልኝ፤ ደብዳቤህን አስቀድሜ የመረጥኩት ለዚህ ነው።

ያኩሺማን ሰው ያልነካው ድንግል ጫካ ነው ብለው ይሸጡልሃል። እኔም እንደዚያ ጠብቄ ነው የሄድኩት። ገብቼ ሳየው ጉቶ በጉቶ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። በድሮ ጊዜ የደሴቲቱ ሰው ትልልቆቹን ዛፎች አምላክ ያደረባቸው ናቸው ብሎ ይፈራ ነበር፤ አይነካቸውም። በ1600ዎቹ ግን ቶማሪ ጆቺኩ የሚባል የዚያው ደሴት ተወላጅ የሆነ መነኩሴና ሊቅ ተነሳ። ሕዝቡ ድሃ ነበር፤ ለግብር የሚሆን ሩዝ የሚያበቅል ሜዳ የለውም። ጆቺኩ ዛፉ ይቆረጥ አለ። እንደሚተረከው ተራራ ወጥቶ ጸልዮ ወረደና «አማልክቱ ፈቅደዋል። መጥረቢያችሁን ግንዱ ላይ አስደግፋችሁ እደሩ። ሲነጋ ከወደቀ አትንኩት፤ ካልወደቀ ቁረጡት» አላቸው። ከዚያ በኋላ እንጨቱ በጠፍጣፋው እየተሰነጠቀ የጣሪያ ክዳን ሆነ፤ በሩዝ ፋንታም ደሴቲቱን ያስተዳድሩ ለነበሩት ለሳትሱማ ገዢዎች ግብር ሆኖ ተከፈለ።

ለክዳን የሚሆነው ቀጥ ያለ፣ ቋጠሮ የሌለው ግንድ ነው። ቀጥ ያለው ሁሉ ሄደ። ጠማማው፣ ጎባጣው፣ እባጭ የበዛበት ቀረ። ጆሞን ሱጊ ዛሬ የቆመው ለጣሪያ የማይረባ ሆኖ ስለተገኘ ነው። ጉቶዎቹም ከሰው ቁመት በላይ ናቸው። ከታች ግንዱ ስለሚሰፋና ስለሚጣመም ቆራጮቹ መደብ ሠርተው ከላይ ነበር የሚቆርጡት።

ከሁሉ የሚጎበኘው አንዱ ደግሞ ራሱ ጉቶ ነው። የዊልሰን ጉቶ ይባላል። ኧርነስት ዊልሰን የሚባል እንግሊዛዊ የዕፅዋት ተመራማሪ በ1914 መጥቶ ለዓለም ስላስተዋወቀው ነው ስሙ። ዛፉ የተቆረጠው በ1586 አካባቢ፣ ቶዮቶሚ ሂዴዮሺ የተባለው ገዢ ኪዮቶ ላይ ለሚያሠራው ቤተ መቅደስ ነው ይባላል። ውስጡ ባዶ ነው፤ እንደ ጎጆ ትገባበታለህ። ምንጭ ይፈልቅበታል፤ ትንሽ የጸሎት ሥፍራም አለው። ከአንድ ጥግ ሆነህ ሽቅብ ስታይ ቀዳዳው የልብ ቅርጽ ይሠራል። ወጣቶቹ ያንን ፎቶ ለማንሳት ተሰልፈው ነበር። እኔም ተሰለፍኩ፤ አልዋሽህም።

ስለዚህ ወፍ ዋሻ ውስጥ ከጉቶ ጋር ስትገናኝ እንግዳህን በሌላ መንገድ አትውሰደው። ቁም። ማን ቆረጠው፣ ለምን ቆረጠው፣ ስንት ዓመቱ ነበር፣ አጠገቡ ምን በቀለ፣ ይህን ንገረው። የመናገሻ ጫካ ዘሩ ከወፍ ዋሻ ሄዶ በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ተዘራ የሚለውን አፈ ታሪክም ጨምርበት። ለጃፓናዊ ሽማግሌ ከዚህ የበለጠ የሚገባው ወሬ የለም።

ስለ መንገዱም ልንገርህ፤ ለሥራህ ይጠቅምሃል። ወደ ጆሞን ሱጊ ደርሶ መልስ 22 ኪሎ ሜትር ነው፤ አሥር ሰዓት ያህል ይፈጃል። ሊነጋጋ ሲል በባትሪ ነው የሚጀመረው። የመጀመሪያው 8 ኪሎ ሜትር ገደማ በ1923 ለእንጨት ማውረጃ በተዘረጋ የባቡር ሐዲድ ላይ ነው። ሐዲዱ መሀል ሳንቃ ተነጥፎበታል። መንገድ ላይ ኮሱጊዳኒ የሚባል ሥፍራ አለ። የቆራጮች መንደር ነበር፤ ሱቅም ትምህርት ቤትም ነበረው። በ1970 ተዘጋ። አሁን የትምህርት ቤቱ ሜዳና የድንጋይ ደረጃው ብቻ ነው ያለው። እዚያ ተቀምጬ በሶዬን በጠበጥኩ። አዎ፣ ከደብረ ብርሃን ይዤው የሄድኩትን በሶ! አብሮኝ የነበረው ጃፓናዊ ቀምሶ ራሱን ነቀነቀ። ወደደው አልወደደው እስካሁን አልገባኝም።

ዛፉ ዘንድ ስትደርስ ግን አትነካውም። የሰው እግር አፈሩን ጠቅጥቆ ሥሩን ስላራቆተው ከ1990ዎቹ ጀምሮ ከእንጨት መደብ ላይ ሆነህ ከሩቅ ነው የምታየው። ሌላው ያስገረመኝ ሰዉ ለመጸዳጃ የሚሆን ልዩ ከረጢት ተሸክሞ መውጣቱ ነው። የወጣውን ይዞ ይወርዳል። መጀመሪያ ሲነግሩኝ ሳቅሁ። ከዚያ ጣርማበር ዋሻው አፍ ላይ ያለውን ነገር አስታወስኩና ዝም አልኩ።

ጥያቄ፦ መሐል ሜዳ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ባለፈው ጽሑፍዎ የደሴቲቱ ትልቁ ተራራ 1,936 ሜትር ነው፣ ክረምት በረዶ ይሸፍነዋል ብለዋል። እኛ ጓሳ ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ሆነን እንኳ ውርጭ እንጂ እንዲያ ያለ በረዶ የለንም። ስህተት ነው?
(ተማሪዋ፣ ከመንዝ)

መልስ፦ ስህተት አይደለም፤ ጎበዝ ነሽ። እኔም ሚያኖኡራ ተራራ 1,936 ሜትር ነው ሲሉኝ በሆዴ ስቄ ነበር። ያን ተራራ ለመድረስ ከደብረ ብርሃን ቁልቁል መውረድ አለብኝ ብዬ። የደብረ ሲና ሰውም ይስቅበታል። ጉልበቴ ግን በማግሥቱ አስተካከለኝ። የኛ ተራራ ገና ስትጀምሪው ግማሹ ተወጥቷል። የነሱ ከባሕር ጠርዝ፣ ከዜሮ ነው የሚጀምረው።

በረዶውን የሚያመጣው ቦታዋ ነው። እኛ ከምድር ወገብ 10 ዲግሪ ገደማ ነን፤ ያኩሺማ 30 ዲግሪ ላይ ናት። እኛ ጋ ቀኑና ሌሊቱ ነው የሚለያየው፤ ሌሊት ውርጭ፣ ቀን ፀሐይ። እዚያ ግን ወቅቱ ነው የሚለያየው። በጃንዋሪና በፌብሩዋሪ ከሳይቤሪያ በኩል ቀዝቃዛ ነፋስ ይመጣል፤ ጫፉ ላይ በረዶ ይከምራል። ታች ባሕሩ ዳር በዚያው ቀን ብርቱካን ይለቀማል።

ዝናቡን ለመረዳት ጣርማበር ሄደሽ ቁሚ። ከሰዓት በኋላ ከቆላው በኩል ጭጋግ ገደሉን እየላሰ ሲወጣ አይተሻል አይደል? ሞቃት እርጥብ አየር ተራራ ሲገጥመው ወደ ላይ ይወጣል፤ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝ ያለቅሳል። ያኩሺማ ኩሮሺዮ በሚባል ሞቃት የባሕር ጅረት ዳር የተገተረች ተራራ ናት። ከባሕሩ የሚነሳው እርጥበት በሙሉ እሷ ላይ ይራገፋል። ደብረ ብርሃን በዓመት የምታገኘው ዝናብ ከ1,000 ሚሊ ሜትር ብዙም አይርቅም። ያኩሺማ ባሕር ዳሩ ላይ ከ4,000 ይበልጣል። ተራራው ላይ 8,000፣ እስከ 10,000ም ይደርሳል። ሰዎቹ ሲቀልዱ «እዚህ በወር 35 ቀን ይዘንባል» ይላሉ። እኔ አራት ቀን ነበርኩ፤ አራቱንም ቀን ዘነበ። ካጎሺማ የገዛሁት የላስቲክ ዝናብ ልብስ በመጀመሪያው ሰዓት ከብብቱ ተቀደደ።

ውሃው ግን በከንቱ አይፈስም። የደሴቲቱ መብራት ከሞላ ጎደል ከወንዞቿ ነው የሚመነጨው።

መምህርሽ ደሴቲቱ እሳተ ገሞራ ናት ካሉሽ በትሕትና አርሚያቸው። ጎረቤቷ ኩቺኖኤራቡ እሳተ ገሞራ ናት፤ በ2015 ሜይ ላይ ፈንድታ ነዋሪዎቿ በሙሉ ወደ ያኩሺማ ተሻግረው ነበር። ያኩሺማ ራሷ ግን ከ15 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከመሬት ውስጥ ቀዝቅዞ የጠጠረ ግራናይት ወደ ላይ ተገፍቶ የወጣባት ናት። ከላይ ስታይያት ክብ ናት፤ ዙሪያዋ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ስፋቷ 500 ካሬ ኪሎ ሜትር። አጠገቧ ያለችው ታኔጋሺማ ግን እንደ ምጣድ የተዘረጋች ናት፤ ከፍተኛው ቦታዋ 282 ሜትር ብቻ ነው። ጃፓኖች ሮኬት የሚያስወነጭፉት ከዚያች ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲታዩ የማይተዋወቁ ይመስላሉ።

ላንቺ ለመንዟ ልጅ አንድ ነገር ልጨምር። ያኩሺማ ዝንጀሮና አጋዘን ሞልቷታል። ድሮ «ሰው ሃያ ሺህ፣ ዝንጀሮ ሃያ ሺህ፣ አጋዘን ሃያ ሺህ» ይሉ ነበር፤ ዛሬ ሰዉ 12,000 ገደማ ነው። ሁለቱም እንስሳት ከዋናው ምድር ዘመዶቻቸው በአካል ያንሳሉ። ዝንጀሮዎቹ ዛፍ ላይ ሆነው ፍሬና ቅጠል ሲጥሉ አጋዘኖቹ ከሥር ይለቅማሉ። አንዳንዴም ዝንጀሮ አጋዘን ጀርባ ላይ ይወጣል። እኔ ሲጋልብ አላየሁም። የአጋዘኑን ጀርባ ሲቀምልለት ግን በምዕራቡ የጫካ መንገድ ላይ አይቻለሁ። ጓሳ ላይ ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መሀል ቀስ ብሎ እየሄደ አይጥ ሲያድን አላየሽም? ጭላዳዎቹ አይሸሹትም፤ እሱም ግልገላቸውን አይነካም። ይህን ለማየት ከሩቅ አገር እየመጡ ጓሳ ላይ የሚሰነብቱ ተመራማሪዎች አሉ። አንቺ ከደጅሽ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ የትምህርት ዕድል አግኝታ በመስከረም ካጎሺማ ትሄዳለች። ጽሑፍዎን አንብባ «እማዬ፣ ያኩሺማን ሳላይ አልመለስም» ትላለች። ሩቅ ነው? ባሕር መሻገር አለ? መቼ ብትሄድ ይሻላል? ጾም ላይ ምን ትበላለች?
(እናት፣ ከደብረ ሲና)

መልስ፦ እንኳን ደስ ያለዎት እናቴ። ሩቅ አይደለም። ከካጎሺማ ፈጣኑ ጀልባ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፤ ትልቁ መርከብ አራት ሰዓት። አውሮፕላንም አለ። እኔ በትልቁ መርከብ ነው የሄድኩት፤ ርካሹ እሱ ነው። ባሕር ለማያውቅ የሸዋ ሰው ሆድ ግን... ብቻ ቁርስ በልታ እንዳትሳፈር።

በመስከረም ደርሳ ወዲያው እንዳትሄድ። ያን ጊዜ አውሎ ነፋስ አለ፤ ጀልባ ይቆማል። ጁን ደግሞ የዝናቡ ዋና ወቅት ነው። ኦክቶበርና ኖቬምበር ጥሩ ናቸው። ከማርች እስከ ሜይም ጥሩ ነው። የባሕር ኤሊ ማየት ከፈለገች ብቻ ሜይ መጨረሻ ወይም ጁላይ ትሂድ። ናጋታ የሚባል የአሸዋ ዳርቻ አለ፤ ኤሊዎቹ ሌሊት ወጥተው አሸዋውን ቆፍረው እንቁላል ይጥላሉ። በሰሜን ፓስፊክ ይህ ኤሊ እንቁላል ከሚጥልባቸው ዳርቻዎች ትልቁ ነው። ባትሪ ማብራት፣ መጮህ፣ መጠጋት ክልክል ነው።

ጫማዋ ውሃ የማያስገባ፣ የዝናብ ልብሷ ሱሪና ካፖርት ለየብቻ ይሁን። እንደኔ ላስቲክ እንዳትገዛ። ረጅሙን መንገድ ካልደፈረችው ሺራታኒ የሚባለው ሸለቆ አለ። እኛ ጋ ክረምት ሲገባ ድንጋይ ላይ የሚበቅለውን ያን ለስላሳ አረንጓዴ ነገር ያውቁት የለ? እዚያ አለቱን፣ ሥሩን፣ የወደቀውን ግንድ በሙሉ አልብሶታል። ለኔ ከትልቁ ዛፍ ይልቅ እሱ ነው በሕልሜ የሚመጣው። እግሯን ካመማት ደግሞ ኪገን ሱጊ የሚባል የ3,000 ዓመት ነው የሚሉት ዛፍ አውቶቡሱ የሚያልፍበት መንገድ ዳር አለ።

የጾሙ ነገር ትንሽ ያስቸግራል። ምግባቸው አትክልት፣ ሩዝና የአኩሪ አተር አይብ የበዛበት ነው፤ ላዩን ሲያዩት የጾም ይመስላል። ሾርባው ግን ከሞላ ጎደል በዓሣ መረቅ ነው የሚሠራው። እኔ ሁለት ሳምንት ሙሉ «አትክልት ነው» እያሉኝ ስጠጣው ከርሜ በኋላ ነው የተነገረኝ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ከንስሐ አባቷ ጋር ተነጋግራ ትሂድ፤ እኔ እዚያ ውስጥ አልገባም። ሽሮና በሶ ይቋጥሩላት። ብርቱካኑ ግን ልዩ ነው። ታንካን ይሉታል፤ ፌብሩዋሪ ላይ ይደርሳል።

አንድ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ። ደቡቡ ዳርቻ ላይ ሂራኡቺ የሚባል ፍል ውሃ አለ፤ ከባሕሩ ውስጥ ነው የሚወጣው። ባሕሩ ሲሸሽ በቀን ሁለት ጊዜ ብቻ ይገለጣል፤ ሲመለስ ይሰወራል። እንደዚህ ያለ ነገር በሕይወቴ አላየሁም። ችግሩ ወንድና ሴት አንድ ላይ ነው የሚታጠበው፤ የዋና ልብስም አይፈቅዱም። እኔ ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ ሰብስቤ፣ እግሬን ብቻ ነክሬ፣ አንገቴን ደፍቼ ተመለስኩ። ለልጅዎ ይህን አንቀጽ ያንብቡላት አያንብቡላት የርስዎ ፈንታ ነው።